የኦርዮ ደብዳቤ

ኬጢያዊው ኦርዮ ከንጉሥ ዳዊት እጅ ደብዳቤ ተቀብሎ ወደ ጦር ሰፈር ይሄዳል። ደብዳቤው የተጻፈው ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ነው፤ ትእዛዙም ደብዳቤውን የያዘው ሰው ራሱ እንዲሞት ነው። ኦርዮ መንገድ ላይ አልከፈተውም። ታማኝ ወታደር የንጉሥ ደብዳቤ አይከፍትም። ሰባኪዎቻችን ከዚህ ታሪክ ስለ ዳዊት ኃጢአትና ስለ ንስሐው ብዙ ያስተምራሉ። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚይዘኝ ደብዳቤው ነው። እግር የለው፣ እጅ የለው፣ ሰይፍ የለው። ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ ኢዮአብ ዘንድ የደረሰው በሚሞተው ሰው ጉልበት፣ በሚሞተው ሰው ታማኝነት ነው።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቫይረስ ልጽፍ ብዬ ነው። ቫይረስ ወደ እንስሳ ሕዋስ እንዴት ይገባል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በጦርነት ቋንቋ ነው። ይወርራል፣ ሰብሮ ይገባል፣ ይማርካል፣ ይቆጣጠራል። በኮቪድ ጊዜማ ከባለሥልጣን እስከ ታክሲ ረዳት ሁላችንም የክተት አዋጅ ነጋሪዎች ሆነን ነበር። ቋንቋው ለቅስቀሳ ይመች ይሆናል፤ የነገሩን ባሕርይ ግን ይሸፍናል። ወራሪ ቢያንስ ፈቃድ ይኖረዋል፤ ፈቃድ ባይኖረው ጉልበት ይኖረዋል፤ ሁለቱም ባይኖሩት መሄጃ እግር አያጣም። ቫይረስ ከሦስቱ አንዱም የለውም። ለሃጭ ውስጥ ሳለ አይበላም፣ አይተነፍስም፣ ወደ የትም አያመራም።

በደንብ የተጠናውንና እኛም አገር በስሙ የሚፈራውን የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ እንውሰድ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርጹ ጥይት ነው፤ ይህም የጦርነቱን ቋንቋ የሚደግፍ ይመስላል፤ ተኳሽ ግን የለውም። ርዝመቱ 180 ናኖ ሜትር፣ ውፍረቱ 75 ናኖ ሜትር ያህል ነው። ከ5,000 በላይ የሚሆኑት በቁመታቸው ቢሰለፉ ነው አንድ ሚሊ ሜትር የሚሞሉት። መመሪያው የተጻፈበት አር ኤን ኤ 12,000 ያህል ፊደላት ብቻ አሉት። የሰው ልጅ መመሪያ ሦስት ቢሊዮን ያህል ነው። በእነዚያ 12,000 ፊደላት የታዘዙት ፕሮቲኖች አምስት ናቸው። አምስት ፕሮቲን ይዞ ከቁርጭምጭሚት እስከ አንጎል መጓዝ፣ ከዚያም ጠባይን ለውጦ ወደ ምራቅ ዕጢ መድረስ እንዴት ይቻላል? ሌላው ካልሠራለት በቀር አይቻልም።

እስቲ ጠጋ ብለን እንየው። ውሻው ሲነክስ ለሃጩ ጡንቻ ውስጥ ይቀራል። ጡንቻ ውስጥ ነርቭና ሥጋ የሚገናኙበት ጠባብ ክፍተት አለ። እጄን ላንሣ ብዬ ሳስብ ሐሳቤ ሐሳብነቱን ትቶ እንቅስቃሴ የሚሆነው እዚያ ነው፤ የነርቩ ጫፍ አሴታይልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቅቃል፣ በጡንቻው በኩል ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩ ተቀባይ ፕሮቲኖች ይቀበሉታል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። እ.ኤ.አ. በ1982 በዬል ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ሌንትዝና ባልደረቦቹ ቫይረሱ የሚያርፈው እነዚህ ተቀባዮች ባሉበት ስፍራ መሆኑን አሳዩ። ተቀባዮቹን አንቆ የሚይዝ የእባብ መርዝ ቀድሞ ከተጨመረ የሚጣበቀው ቫይረስ ይቀንሳል። በኋላም በቫይረሱ ሽፋን ላይ ያለው ፕሮቲን ከፊሉ ከዚያ የእባብ መርዝ ጋር እንደሚመሳሰል ታወቀ። ቫይረሱና እባቡ ምንም ዝምድና የላቸውም። ያመሳሰላቸው የሚፈልጉት ቦታ አንድ መሆኑ ብቻ ነው፤ ሁለቱም የአንድን እንስሳ ፈቃድ ወደ ሥጋው የሚያደርሰውን ስፍራ ይነካሉ።

እዚያ ያረፈው ቫይረስ ከክፍተቱ ማዶ የነርቩን ጫፍ ያገኘዋል። ነርቩ በበኩሉ የራሱ ተቀባዮች አሉት፤ ከእነርሱ አንዱ ፒ75 የሚባለው የነርቭ ዕድገት ተቀባይ ነው። ስለዚህ ተቀባይ ለመናገር ወደ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ መመለስ ግድ ይላል። ይህች ጣሊያናዊት ሐኪም ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣው የዘር ሕግ አይሁዳዊት በመሆኗ ከዩኒቨርሲቲ ሥራዋ ተባረረች። (ሰውዬው የዘርን ነገር በእኛ ላይ አስቀድሞ ተለማምዶት ነበር።) እርሷም ቱሪን ከተማ በመኝታ ክፍሏ ውስጥ ቤተ ሙከራ አቋቁማ በዶሮ ዕንቁላል የነርቭን አስተዳደግ ማጥናቷን ቀጠለች። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ከስታንሊ ኮኸን ጋር የደረሰችበት ግኝት እ.ኤ.አ. በ1986 ለኖቤል ሽልማት አበቃቸው። ግኝቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ በማደግ ላይ ያለ ነርቭ በሕይወት የሚቆየው ከሩቅ ጫፉ መልእክት ሲደርሰው ነው። የሚደርስበት አካል ‘ታስፈልገኛለህ፣ ኑር’ የሚል ትርጉም ያለው ፕሮቲን ይሰጠዋል። ነርቩ ይህን በጫፉ ተቀብሎ እስከ ዋናው የሕዋስ አካል ድረስ ይሸከመዋል። መልእክቱ ያልደረሰው ነርቭ ይሞታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚሳፈረው በዚህ መልእክት መንገድ ነው።

የነርቩ ጫፍ እንደ ልማዱ ሽፋኑን ወደ ውስጥ አጥፎ ትንሽ ከረጢት ይሠራል፤ ከረጢቱ ውስጥ ቫይረሱ አለ። ዳይኒን የሚባል ፕሮቲን ከረጢቱን ተሸክሞ በነርቩ ውስጥ በተዘረጋው ሐዲድ ላይ እየተራመደ ወደ ኅብለ ሰረሰር ይጎትተዋል። ለእያንዳንዷ እርምጃ የሚወጣውን ጉልበት የሚከፍለው ሕዋሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ጉዞ ሕያው በሆኑ ነርቮች ውስጥ ተከታትለው ሲለኩት፣ በፒ75 የተሳፈረው ቫይረስ ‘ኑር’ ከሚለው መልእክት ይበልጥ ፈጥኖ ሲጓዝ አገኙት። ይህን ሳነብ ደነገጥሁ። የሞቱ ደብዳቤ ከሕይወቱ ደብዳቤ ቀድሞ ይደርሳል፣ ያውም በአንድ ተላላኪ እጅ።

ከረጢቱ ከደረሰ በኋላስ ማን ይከፍተዋል? ሕዋስ ወደ ውስጥ ያስገባውን ነገር ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ አሲድ ያደርገዋል፤ ምግቡን የሚፈታው፣ አሮጌ ፕሮቲኑን የሚያስወግደው በዚህ መንገድ ነው። የቫይረሱ የሽፋን ፕሮቲን አሲድ ሲነካው ቅርጹ ይለወጣል፤ ተዘርግቶ የከረጢቱን ሽፋን ይወጋና የቫይረሱን ሽፋንና የከረጢቱን ሽፋን አንድ ያደርጋቸዋል። ውስጡ ያለው ጽሑፍ ያን ጊዜ ወደ ሕዋሱ ይፈስሳል። በአሲድ የመከፈትን ነገር መጀመሪያ በግልጽ ያሳዩት አሪ ሄሌኒየስ፣ ካይ ሲመንስና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ሃይደልበርግ ውስጥ፣ በኡጋንዳ ሰምሊኪ ጫካ ከወባ ትንኝ ወገን የተገኘ ሌላ ቫይረስ ይዘው ሠሩት። አሲዱን የሚያለዝብ መድኃኒት ሲጨምሩ ቫይረሱ ከረጢቱ ውስጥ እንደ ታሸገ ቀረ። ከመድኃኒቶቹ አንዱ ለወባ የምንውጠው ክሎሮኪን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም ለኮቪድ ክሎሮኪን ፍለጋ ሲራኮት ከጀርባ ያለው ሐሳብ በከፊል ይኸው ነበር፤ የኮቪድ ቫይረስ በሳንባ ሕዋሳት ላይ የአሲዱን መንገድ ሳይጠብቅ እዚያው ሽፋኑ ላይ መከፈት ስለሚችል ግን መድኃኒቱ አልሠራም።

እውነቱን ለመናገር ቫይረሱ ፍጹም ባዶ እጁን አይደለም የሚገባው። የእንስሳ ሕዋስ አር ኤን ኤን ከአር ኤን ኤ ላይ የመገልበጥ ልማድ ስለሌለው፣ ለዚህ ሥራ የሚሆነውን ፕሮቲን የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁሳቁስ፣ ጉልበትና የፕሮቲን መሥሪያው ሁሉ የሕዋሱ ነው። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ይህን ሁሉ በቁልፍና በጓጉንቸር ይመስሉታል። ምሳሌው አይጥመኝም። ጓጉንቸር የሚሠራው ለመከልከል ነው፤ የሕዋስ ተቀባይ ግን ለመከልከል አልተሠራም። ቁልፍም ያዥ ይፈልጋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ እዚህ ውስጥ ስሕተቱ የት ላይ ነው? እንደ ቅዱስ ባስልዮስ ያሉ የጥንት አባቶች ክፋት የራሱ ህልውና የለውም፣ የመልካም ነገር መጉደል ነው ብለው አስተምረዋል። ጨለማ የብርሃን አለመኖር ነው፤ ዕውርነት የማየት መታጣት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ አስተሳሰብ ያሳርፈኛል። የነርቩን ጫፍ ሳስብ ግን ይከብደኛል። ተቀባዩ ተቀበለ። ከረጢቱ ተጠቀለለ። ዳይኒን ተራመደ። አሲዱ በጊዜው መጣ። የፕሮቲን መሥሪያው የተሰጠውን ጽሑፍ ሳይዛነፍ አነበበ። የጎደለ ነገር የለም። አንዱም አካል ሥራውን አላጓደለም፤ እንዲያውም አንዱ ቢያጓድል ኖሮ ሰውየው ይድን ነበር። እያንዳንዱ እርምጃ መልካም ሆኖ ድምሩ ሞት የሚሆንበት ክፋት አለ ማለት ነው፤ ይህንንም በጉድለት ትምህርት ብቻ መግለጥ የሚቻል አይመስለኝም።

በሩን እንዝጋ የሚል ይኖራል። በሩ ሲዘጋ የሚሆነውን ሐኪሞች ያውቁታል። ማያስቴኒያ ግራቪስ በሚባለው ሕመም የሰውየው መከላከያ ኃይል ያንኑ የአሴታይልኮሊን ተቀባይ በስሕተት ያጠቃል፤ የዐይን ቆብ ይወድቃል፣ ማኘክ ያደክማል፣ ሲከፋ ትንፋሽ ያጥራል። ከዚህ የሚለዩ በሮች የሉም አልልም። ኤች አይ ቪ የሚጠቀምበት ሲሲአር5 የተባለው ተቀባይ የሌላቸው ሰዎች፣ በተለይ ከሰሜን አውሮፓ ዘር፣ አሉ፤ አብዛኛውን የኤች አይ ቪ ዓይነት ይቋቋማሉ፤ የዌስት ናይል ቫይረስ ሲይዛቸው ግን ከሌላው ይበልጥ ይጠናባቸዋል። የነርቭ ተቀባይ ያን ያህል ዋጋ እንኳ ተከፍሎበት የሚተው አይደለም። መቀበል የማይችል ጡንቻ አይታዘዝም፤ ‘ኑር’ የሚለውን የማይሰማ ነርቭ አይኖርም።

በሩ ካልተዘጋ የሚቀረው ደብዳቤውን ተላላኪው ሳይረከበው መያዝ ነው። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ሐምሌ ወር በውሻ የተነከሰውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዮሴፍ ማይስተርን ሲከትብ ስለ ተቀባይ፣ ስለ ከረጢት፣ ስለ ዳይኒን የሚያውቀው አልነበረም፤ ቫይረሱንም በዐይኑ አላየውም። አንድ ነገር ግን አስተውሏል፤ በንክሻውና በሕመሙ መካከል ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ነው፤ አንዳንዴ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ዓመት ይሆናል። ቫይረሱ በቀን በጥቂት ሴንቲ ሜትር የሚቆጠር መንገድ መሄድ ይችላል፤ ወራቱ የሚያልፉት በአመዛኙ ጡንቻ ውስጥ ቆይቶ ነው። ሐኪም ሊሠራ የሚችለው ሁሉ በዚያ ቆይታ ውስጥ ነው። በክትባት የተነሡ ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሱን ውጭ ሳለ ይከብቡታል፤ ነርቭ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን አይደርሱበትም።

ልጆች ሳለን ‘ፓስተር’ የሚለው ስም ያስፈራን ነበር። የፈረንሳዩን ሊቅ ማን ያውቃል፤ ለእኛ ፓስተር ጉለሌ ያለው መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ውሻ የለከፈው ሰው ሆዱ ላይ በየቀኑ መርፌ የሚወጋበት ቦታ ነበር። ያ ክትባት ለአሥርት ዓመታት ይዘጋጅ የነበረው ከበግ አንጎል ነው፤ ቫይረሱ በበጉ አንጎል ውስጥ ይበዛል፣ ከዚያ ይገደላል፣ ከነአንጎሉ ተፈጭቶ ይወጋል። ብዙ ሰው አድኗል። አልፎ አልፎ ግን የተከተበው ሰው ሰውነት ከቫይረሱ ጋር የተደባለቀውን የአንጎል ቅንጣትም እንደ ጠላት ቆጥሮ የራሱን ነርቭ ያጠቃ ነበር። ደብዳቤውን ከተላላኪው መለየት አቅቶት ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ክትባት ቀርቶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ባደጉ ሕዋሳት በሚዘጋጀው እንዲተካ የሚመክረው ስለዚህ ነው።

የነርቭ ተመራማሪዎች ደግሞ ነገሩን ገልብጠውታል። እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ ቫይረሱን የመዛመቻ ፕሮቲኑን ነጥቀው የሚያበራ ፕሮቲን እንዲሠራ በማድረግ፣ የትኛው ነርቭ ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር ይከታተሉበታል። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት ከምናያቸው የአንጎል መስመሮች አንዳንዶቹ የተሣሉት በዚህ በሽታ ነው።

ወደ ጦርነቱ ቋንቋ የምመለሰው ጉዳት ስላለው ነው። ጠላት የሚል ሰው የሚመታው አካል ይፈልጋል፤ በእጁ የሚገባለት ደግሞ ውሻው ነው። በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ መፍጀት ለረጅም ጊዜ እንደ መፍትሔ ተቆጥሯል። ውሻውም ግን ተላላኪ ነው። ቫይረሱ አንጎሉ ውስጥ ገብቶ ጠባዩን ሲለውጠው፣ ምራቁ ውስጥ ሲሞላ፣ ጉሮሮው መዋጥ ሲያቅተው፣ ውሻው በጥርሱ የሚያደርሰው እርሱ ራሱ የሚሞትበትን ደብዳቤ ነው። ያልተከተቡ ውሾች ሲገደሉ ቦታቸውን ሌሎች ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል። ባለሙያዎች እንደሚሉት የአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶ ያህሉ ቢከተቡ መተላለፉ ይቆማል፤ ይህም በብዙ አገሮች ታይቷል። እኔ የመርዙን መንገድ ጭካኔ ብቻ አልለውም፤ ስንፍናም ነው።

ቫይረሱን ጥፋተኛ ልንለው አንችልም፤ ፈቃድ የለውም። ነርቩን አንወቅሰውም፤ ታማኝ ነው። ውሻውንም እንዲሁ። ተጠያቂነት የሚጀምረው ደብዳቤውን ከውጭ ሆኖ ማንበብ የሚችል ሰው ጋ ነው፤ እኛም ከ1885 ጀምሮ አንብበነዋል። እንዲህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞታል ይላል፤ አብዛኞቹ በእስያና በአፍሪካ ናቸው፣ ከአሥሩ አራቱ ያህል ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ምልክቱ ከታየ በኋላ፣ ውኃ ሲቀርብለት ጉሮሮው መታነቅ ከጀመረ በኋላ፣ የዳነ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ፍልስፍናውን ብትረሳው ይህን አትርሳ። ልጅህን ውሻ ከነከሰው ወይም ከቧጨረው፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠበው፤ ሳሙና የቫይረሱን ሽፋን ያፈርሰዋል። ከዚያ ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ ሳትሄድ በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ውሰደው። ቁስሉ ትንሽ ነው ብለህ አትዘናጋ። ውሻው የሚታወቅና ጤነኛ የሚመስል ከሆነ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ፤ የልጁ ክትባት ግን 10ኛውን ቀን አይጠብቅም።